አንገቱ ሳያጥር

ዓለም ገና መገንጠያው ላይ፣ ቡታጅራና ጅማ ሲለያዩ፣
አባቴ ጎሚስታ ነው፤ ጣቶቹ ናቸው ከዓይኖቹ ቀድመው የሚያዩ።
የሲኖትራክ ጎማ ይዳብሳል፣ ልክ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር፤
«እዚህ ጋ አብጧል» ይላል፣ «ሽቦው ከውስጥ ሳይበጠስ አይቀር።»
ሾፌሩ ይቸኩላል። ጭነቱ ጠጠር ነው፣ መድረሻው ወሊሶ፤
«ጋሽ ኢረና፣ ንፋልኝና ልሂድ» ይላል፣ ምክሩን ጥሶ።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ፣ የሰውን እብጠት በመዳፉ የሚለካ፣
እምብርቱ ሥር የሚመታውን ሳያውቅ ኖሯል ለካ።

ለኩላሊት ጠጠር ብሎ ነበር የሄደው፣ አልትራሳውንድ ሊታይ፤
ባለሙያዋ ዝም አለች፣ ጄሉን ደግማ ቀባች፣ ቆየች ስክሪኑ ላይ።
«ጠጠር የለም» አለችው፤ «ሰፍቷል ግን ትልቁ የደም ቧንቧዎ፤
አርባ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ይከታተሉት እባክዎ።»

በየስድስት ወሩ ተባለ። እሱ ወረቀቱን አጥፎ፣
ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ ሰካው፤ ዓመቱም ሄደ አልፎ።
ሁለት ክረምት ዘነበበት፤ የማኅተሙ ቀለም ለቀቀ፤
ያላመመ ነገር ነው፤ አባቴም አልተጨነቀ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ጎትቼ ወሰድኩት፤
«ስልሳ ሁለት» አሉን፤ ቁጥሩን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣
በዘይት በወዛው የዱቤ ደብተር፣
«ሙዘይን፣ ሁለት ጎማ» ከሚለው ሥር።

ዶክተር ትርሲት ሥዕል ሣለች፣ በደነዘ እርሳስ፦
ከላይ ሁለት ኩላሊት፣ አንድ ግንድ ሲወርድ ሆድ ድረስ፤
ግርጌው ላይ ሁለት ቅርንጫፍ፣ ልክ እንደኛ መገንጠያ፤
መሃል ላይ አንድ ዱባ፣ የጣጣችን ማረፊያ።

«ሆድ አንቀድም» አለች፤ «በብሽሽት ነው የምናስገባው፤
እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ሄዶ፣ ሲደርስ ነው የሚፈካው።
ደም በአዲሱ ቱቦ ያልፋል፤ የሳሳው ግድግዳ ያርፋል።
ግን ጤነኛ አንገት ይሻል፤ ያለዚያ በጎኑ ያፈሳል።»

አባቴ ሰምቶ ሲያበቃ፣ እርሳሷን ተቀበላት፣
እሷ ከሣለችው ጎን፣ የጎማ ሆድ ሣለላት።
«ማስቲሽ» አላት፣ «የሚይዘው፣ ደህና ጎማ ሲያገኝ ነው።
እንቁላል ሲያክል ብለጥፈው፣ ዳሩ ሰፊ ነው፣ ዕድሜ አለው፤
ብርቱካን ካከለ ወዲያ ግን፣ ዳሩም አብሮ ይለጠጣል፤
እጄ ያው የድሮው እጅ ነው፤ የሚለጥፍበት ያጣል።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።
«ልክ ነዎት አባባ» አለች፤ ፊቷ ቆዘመ።
«በትንሽነቱ የመጡልኝ፣ በሦስተኛው ቀን ሄዱ፤
ለፎቶ በዓመት አንዴ ነው፤ ሐኪም ቤት መች ለመዱ።
ከሰባ አልፎ የመጡት ግን፣ አንገቱ አጥሮ፣ ተጣሞ፣
አንዱ ሦስቴ ተመለሰ፣ ሲያፈስበት ደጋግሞ፤
አንዱ ደግሞ...»
እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አርባ ስድስት ላይ ብመጣስ?» አላት። «ያኔስ አንነካውም ነበር፤
ሃምሳ አምስት ሲሞላ ግን እንይዘው ነበር፣ አንገቱ ሳያጥር።»

ቱቦው ከውጭ እስኪመጣ ስምንት ወር። ዕቁብ ለምኜ ወሰድኩ፤ ሙዘይን ዱቤውን ከፈለ፤
ዕቃው ጉምሩክ ሲከርም፣ ቁጥሩ ወደ ሰባ ተንከባለለ።

ተሠራ። በአምስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ፣ ብሽሽቱን በመዳፉ ደግፎ፤
ሱቁ ደጅ ተቀመጠ፣ ጋቢው ከትከሻው ተንሸራቶ፣ አልፎ አልፎ
ሾፌር ሲቸኩል እያየ፤ እንደ ድሮው ግን አይመክር፤
ጣቱን ባበጠው ላይ ያሳርፋል፣ አንድ ሁለት ብሎ ሊቆጥር።

ዓመት ሳይሞላ ፎቶው ላይ፣ አንዲት ነጭ ጭረት ታየች፣
ከቱቦው ዳር ሾልካ፣ አሮጌው ከረጢት ውስጥ የገባች።
ቀጠሮ ሰጡን። ለሚያዝያ።

ቅዳሜ ዕለት ከመነዳሪ፣ ሳፋ ውስጥ ነከርን፤
እሱ እየተጫነ፣ እኔ እያዞርኩ፣ አረፋ ፈለግን።
የጅማ አውቶቡስ አለፈ፣ ውሃው ተንቀጠቀጠ፤
ሲረጋ፣ ከጎማው ዳር፣ አንድ አረፋ አመለጠ።

«አየሽው?»
«አየሁት።»
«ትንሽ ነው።»
ጠመኔውን አቀበልኩት። ከበበው።
እጁን ግን ከውሃው አላወጣም።